ሳይበሩ የተሰፋ ክንፍ

ሎርና ሳወርቢ የባለ ልኳንዳ ልጅ ናት። አባቷ ዊልፍ በሊንከንሻየር ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ከአባቱ የወረሰው ሥጋ ቤት ነበረው። ሥጋው ጥሩ ነበር፤ ግን ሰው ከሥጋው ይልቅ ለጨዋታው ነው የሚመጣው ይባል ነበር። ዊልፍ ቢላውን እየሳለ፣ ሚዛኑን እያየ፣ መልስ እየሰጠ አፉ አያርፍም። ደግ ወሬ ከሰማ ደግሞ ለሰው ሳያካፍል ማደር አይችልም። ከወሬው ሁሉ የሚጥመው ግን ስለ ሎርና የሚያወራው ነበር፤ ያለችው አንዲት ልጅ እሷ ናትና።

ሎርና በአሥራ አራት ዓመቷ የአየር ኃይል ወጣት ካዴቶችን ቡድን ተቀላቀለች። ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ቡድኑ ሴት ልጅ መቀበል በጀመረ ሰሞን ነበርና ከሠላሳ ወንዶች መሐል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ዓመት ተኩል ቆይታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የድሮ የጦር አውሮፕላን ሜዳ ላይ ላለው የግላይደር ትምህርት ቤት በጎ ፈቃደኛ ሆና ተመዘገበች። ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው፤ ከሜዳው ማዶ የቆመ ዊንች ረጅሙን የብረት ገመድ በኃይል እየጠመጠመ ወደ ሰማይ ይስበዋል፣ ከዚያ ገመዱን ጥሎ በነፋስ ላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል።

ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር አባቷ በሥጋ ማመላለሻ መኪናው ያደርሳታል። ሥራው ቀላል አልነበረም። ገመዱን በትራክተር ጎትቶ ማምጣት፣ ግላይደሩ ላይ ማንጠልጠል፣ የክንፉን ጫፍ ይዞ አብሮ መሮጥ፣ ያረፈውን እየገፉ መመለስ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ ነው። ደመወዝ የለም፤ ሻይና በዳቦ የተጠቀለለ የአሳማ ጥብስ ብቻ። ቀኑ ሲገባደድ ግን ብርሃን ከተረፈ፣ አስተማሪዎቹ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱን ይዘው ይወጣሉ። ለዚያች አምስት ደቂቃ ሲሉ ነው ሁሉም ቀኑን ሙሉ በዝናብ የሚበሰብሱት።

ሎርና ሥራ ወዳጅ ነበረች። ከእሷ በአንድ ዓመት የሚበልጠው ኔቪል የሚባለው ካዴት ግን አይተዋትም።

«ቋሊማ!» ይላታል፣ በአባቷ ሥራ ሊያበሽቃት፤ «ክንፉን ያዢው እንጂ አትዘልዝይው!»

«አንተ ይልቅ አፍህን ዝጋ» ትለዋለች፤ «ባለፈው ስታርፍ ጥርስህ ላይ ስንት ትንኝ ነበር የቆጠርነው?»

ግላይደሮቹ የእንጨት ነበሩ፣ መቀመጫቸውም ክዳን የለውም፤ ስለዚህ ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ሁሉም ይስቃል። ኔቪልም ይስቃል። እሱ ብቻውን በሮ ክንዱ ላይ የክንፍ ምልክት ያሰፋ ነበርና ቢስቅ ያምርበታል።

ሎርና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት በመስከረም ነው፤ ብቻን ለመብረር የሚፈቀደው ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ ነው። በጥቅምት አንድ እሁድ ጠዋት አስተማሪዋ ሚስተር ፓስክ ሁለት ጊዜ ይዟት ወጣ። ሚስተር ፓስክ በአዘቦት ቀን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ሁለተኛውን በረራ እንዳረፉ ቀበቶውን ፈታና ወረደ። ከዚያ በባዶው የኋላ መቀመጫ ላይ ቀበቶውን መልሶ አጥብቆ አሰረው፣ በአየር ላይ እንዳይወራጭ።

«አሁን ብቻሽን ነሽ» አላት። «ያው የምታውቂው ነው። እኔ ስለሌለሁ ቀለል ይልና ፈጠን ብሎ ይወጣል። ነዝናዛም የለብሽም።»

«እሺ ጌታዬ።»

ኔቪል የክንፉን ጫፍ አነሳ። ገመዱ ተንጠለጠለ። ሎርና ዞር ብላ ኋላዋን አየች፤ ባዶ መቀመጫ፣ የታሰረ ቀበቶ። ሰው የሌለበትን ወንበር እንደዚያ ጠፍሮ ማሰር ምን እንደሚያስፈራ ለማንም ማስረዳት አትችልም ነበር። እጇ ማንም ሳያዘው ቢጫውን እጀታ ሳበ፤ ገመዱ ከግላይደሩ ሆድ ሥር ተላቆ ሣሩ ላይ ወደቀ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሚስተር ፓስክ እየሮጠ።

ፈራሁ ማለት አንዲት ቃል ናት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«መሪው... የእግር መሪው አልታዘዝ ይለኛል።»

ሚስተር ፓስክ አንድ አፍታ ፊቷን አየ። ከዚያ በረራው ይቁም ብሎ እጁን አነሳ። ደንቡ ነው፤ መሪው አልታዘዝ አለ የተባለ አውሮፕላን ሳይፈተሽ አይነሳም። ሁለተኛው ግላይደር ለጥገና ተፈታትቶ ስለነበር ይህ ቆመ ማለት ሜዳው ቆመ ማለት ነው። ሽቦውን፣ ማጠፊያውን፣ ጭራውን ሲመረምሩ ምሳ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ዝናብ ጣለ።

በዚያን ቀን ከግሪምዝቢ በአውቶቡስ የመጡ ስምንት ትናንሽ ካዴቶች ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊበሩ ከጎህ ጀምሮ ሲጠባበቁ የዋሉ። አንዳቸውም ሳይበሩ ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ፣ ከሁሉ የምታንሰው ጠቃጠቆ ፊት ልጅ ወደ ሎርና ዞረች።

«ብልሽቱን ስላየሽው ጎበዝ ነሽ» አለቻት። «አለበለዚያ ሰው ይሞት ነበር አይደል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ግላይደሩን ወደ መጋዘኑ ካስገቡ በኋላ ሚስተር ፓስክ ለብቻዋ ጠራት። «መሪው ምንም አልሆነም» አላት። እሷ አንገቷን ደፋች። «ሰው ይፈራል። እኔም ፈርቻለሁ። የፈራ ሰው ግን ፈራሁ ይላል፤ በእንጨትና በሽቦ አያሳብብም። በሚቀጥለው ሳምንት እንሞክራለን።»

ነገሩ እዚያው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይረሳ ነበር።

አባቷ ከበሩ ውጭ መኪናው ውስጥ ሲጠብቃት አገኘችው። ቀኑ የእሷ ቀን መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው እናቷ ነግራታለች። በሩን ከፍታ ስትገባ ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ጠበቃት።

«እህሳ?» አለ። «በረርሽ?»

ስለ ዝናቡ ልትነግረው ነበር አፏን የከፈተችው።

«አዎ» አለች።

ዊልፍ ጥቂት እንደሄዱ፣ በድንቹ እርሻ መሐል መኪናውን አቆመና ወረደ። መኪናውን በእግሩ አንድ ጊዜ ዞረው። ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ እርጥብ ነበር። «የኔ ልጅ!» አለ፤ «የኔ ልጅ፣ ብቻዋን!» ከዚያ እስከ ቤታቸው ድረስ ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ። ሎርና ጉልበቷን አቅፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። እንደ ደከማት ቆጠረው።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሰማ። በበጋ ከግላይደሩ አጠገብ ቆማ የተነሳችውን ፎቶግራፍ ዊልፍ በሥጋ ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፈው፤ ከሥሩም በትልልቁ፣ «ልጃችን ሎርና ብቻዋን በረረች» ብሎ ጻፈበት። በዚያ ሳምንት ለገዛ ሁሉ አንድ አንድ ቋሊማ መረቀ።

ሎርና ለራሷ አንድ ነገር አለች። በሚቀጥለው ሳምንት እበራለሁ፣ ያን ጊዜ ውሸቱ በሳምንት የቀደመ እውነት ይሆናል፣ ማን ያውቃል? በሚቀጥለው ሳምንት ግን ጭጋግ ወረደ። ከዚያ ነፋስ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ዊንቹ ተበላሸ። እንዲህ እያለ ኅዳር ገባና በጦርነት የሞቱት የሚታሰቡበት እሁድ ደረሰ፤ ካዴቶቹ በሙሉ የደንብ ልብስ ተሰልፈው በከተማው መሐል የሚያልፉበት ቀን።

«ክንፉስ?» አላት አባቷ በዋዜማው ሳምንት። «ብቻውን ለበረረ ክንድ ላይ ይሰፋለታል ብለሽኝ አልነበር?»

«አልሰጡኝም ገና።»

«ለሰልፉማ መድረስ አለበት! እኔ ደውዬ ለሚስተር ፓስክ...»

«ተው አባዬ፣ እኔ አመጣዋለሁ።»

የትምህርት ቤቱን የዕቃ ቤት ቁልፍ የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ስለምትታመን። ቅዳሜ ዕለት ጓንት ልታወጣ ገብታ ከሳጥኑ አንድ የክንፍ ምልክት አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ማታ እናቷ ኤኒድ መነጽሯን አድርጋ በደቃቅ ስፌት ሰፋችው። «ጠመመ እንዴ?» እያለች ሁለት ጊዜ ፈትታ መልሳ ሰፋችው። ሎርና ሸሚዙን ለብሳ እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። በዚያች ቅጽበት የእናቷ ጣት እንዲያ ተጠንቅቆ ከሚነካት መርፌው ቢወጋት ትመርጥ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ካዴቶቹ በደረታቸው ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ሰክተው በሐውልቱ ዙሪያ ቆሙ። ሎርና ሚስተር ፓስክ በዚህ ቀን በራሱ መንደር ይሰለፋል ብላ ነበር ያሰበችው። እሱ ግን የትምህርት ቤቱን የአበባ ጉንጉን ሊያኖር እዚያው መጥቶ፣ ከእሷ ፊት ለፊት አሥር እርምጃ ርቆ ቆሟል። ጥሩምባው ተነፋና የሁለት ደቂቃው ዝምታ ጀመረ።

የሚስተር ፓስክ ዓይን ክንዷ ላይ አረፈ። አልተቆጣም፣ ግንባሩንም አልቋጠረም። አንድ ጊዜ ክንፉን አየ፣ አንድ ጊዜ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ወደ ሐውልቱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሙታኑን ያስብ ነበር፤ ሎርና ግን ደም ወደ ፊቷ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ሲደርስ ብቻ ትሰማ ነበር። ክንዷን ልትሸፍን አትችልም፤ በሰልፍ ላይ ናት።

ሰልፉ እንደተበተነ ዊልፍ ሰው እየገፋ መጣ። «ሚስተር ፓስክ! ሚስተር ፓስክ! አይሄዱም፣ እጅዎን ሳልጨብጥ አይሄዱም!» ክንዱን ይዞ ጎትቶ፣ እሁድ የማይከፈተውን ሥጋ ቤት ከፈተለት። ከመደርደሪያው ትልቁን ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረውን የአሳማ ሥጋ፣ አውርዶ በወረቀት ጠቀለለ።

«ልጄን ክንፍ አበቀሉልኝ» አለው። «ገንዘብ እንዳያወጡ! በዚህ ቤት ያንተ ገንዘብ... ይቅርታ፣ የእርስዎ ገንዘብ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። እንዴት ነበረች? እሷ እንደሆነ አትነግረኝም፤ እናቷን ነው የምትመስለው። ፈርታ ነበር?»

ሚስተር ፓስክ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍና ጽሑፉን አነበበ። ሎርና በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ሜዳው ላይ እንደ እሷ የሚሠራ የለም» አለ በመጨረሻ። «ይህን ለማንም እናገራለሁ።»

«ሰማሽ?» አለ ዊልፍ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ። «ሰማሽ ሎርኒ?»

ሚስተር ፓስክ ፓዩን ይዞ ወጣ። እሷን መልሶ አላያትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሎርና ከሁሉ ቀድማ ሜዳው ደረሰች። ክንፉን በምላጭ ፈትታ በመዳፏ ይዛ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀችው። ሚስተር ፓስክ ከመኪናው ወርዶ ሲመጣ እጇን ዘረጋች።

«ፓዩን በላሁት» አላት። «ምን ላድርገው? ልጥለው? አባትሽ ፊት ቆሜ፣ እውነቱን ለመናገር አፍ አጣሁ። አንቺ ዋሽተሽ ብታበቂ ምን ነበረበት። እኔን አስዋሸሽኝ፣ በገዛ ቤቱ!»

«ልሂድ ጌታዬ?»

«ወዴት? ገመዱን ማን ሊያመጣ?» ክንፉን ከመዳፏ ወሰደ። «እስከ ፋሲካ አትበሪም። ሥራ መሥራት ትችያለሽ። ለአባትሽ እኔ አልነግርም፤ አፍ አለሽ። የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ ስጪኝ።»

ከሁሉ ያንገበገባት ቁልፉ ነው። ከአንገቷ ስታወጣው ክሩ ፀጉሯ ላይ ተጠላለፈ፤ እሱም እስክትፈታው ጠበቃት።

ለአባቷ ለመናገር ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ሲስቅ ታየውና ልቧ ይከዳታል። በዘጠነኛው ቀን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ሥጋ ሲፈጭ አገኘችው።

«አባዬ፣ አልበረርኩም።»

«ዛሬ?»

«መቼም። የዚያን ዕለት ፈራሁና ወረድኩ። ክንፉን ከዕቃ ቤት ሰርቄው ነው።»

ዊልፍ መፍጫውን ማዞሩን አላቆመም። በሳህኑ ላይ ያለውን ጨረሰ። እጁን ታጠበ፣ በሽርጡ አደረቀ፣ ወደ ፊት ወጥቶ ፎቶግራፉን ከመስታወቱ በጥፍሩ ፈቅፍቆ አነሳው። ወዲያው የበሩ ደወል ጮኸና ወይዘሮ ሌጎት፣ የዘወትር ደንበኛቸው፣ ገባች።

«ወይዘሮ ሌጎት» አለ ዊልፍ፣ ገና ምን ልግዛ ሳትል፤ «ስለ ልጄ የነገርኩሽ ትክክል አልነበረም። አልበረረችም።»

«ውይ! ምነው፣ ምን አገኛት?»

«ምንም። እኔ ነኝ ያልገባኝን ያወራሁት። እሷ የነገረችኝ ሌላ፣ እኔ የሰማሁት ሌላ።»

ሎርና እንደ ወትሮው ልታግዘው ሽርጧን ታጥቃ አጠገቡ ቆማለች። «አይደለም፣ እኔ ነኝ...» ብላ ጀመረች።

«ሥጋውን ጠቅልይ» አላት አባቷ።

ለገባው ሁሉ ይህንኑ አለ። ለአናጢው፣ ለቄሱ ሚስት፣ ለፖስተኛው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ቋሊማ የተመረቀለት ሰው ሁሉ እስኪያልቅ። ያን ያህል ሲኩራራበት በነበረው አፍ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እያለ። ከተማውም አልማረውም። «የዊልፍ ቋሊማ ራሱ ግማሹ ነፋስ ነው» አሉ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ። ሰምቶ ሳቀ። ሎርና ግን ማታ ማታ ሲስቅ አታየውም ነበር።

ክረምቱ ረጅም ሆነ። ሎርና በየሳምንቱ መሄዷን አላቆመችም፤ አሁን ግን በአውቶቡስ ሄዳ የቀረውን በእግሯ ነው። አባቷ አልከለከላትም፤ እሷ ናት አድርሰኝ ለማለት ያፈረች። ሜዳው ላይ ገመድ ታጥባለች፣ የመጋዘኑን ወለል ትጠርጋለች፣ ትራክተሩን ትቀባለች። ነገሩን ሁሉም ሰምቷል፤ አንድም ሰው ግን አላነሳባትም። ኔቪል እንኳ «ቋሊማ» ማለቱን ትቶ «ሎርና» ይላት ጀመር፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያ ስድብ እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ፋሲካ አለፈ። በሚያዝያ ሚስተር ፓስክ ትምህርቱን እንደገና አስጀመራት፣ በግንቦት አንድ ጸጥ ያለ ቅዳሜ ደግሞ ከመቀመጫው ወርዶ ባዶውን ቀበቶ አሰረ።

«ፈርቻለሁ» አለችው፣ ሳይጠይቃት።

«ምን ያህል?»

«ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።»

«መሪውን ለመርገጥ ይበቃል?»

ሎርና ረገጠችው፤ ግራ፣ ቀኝ። «ይበቃል።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

በረራው አራት ደቂቃ አይሞላም። ወደ ኋላ አልዞረችም። ዊንቹ እንደ ወንጭፍ ሰደዳት፣ ገመዱን ለቀቀች፣ ከዚያ ነፋሱ በክንፉ ሽቦዎች ላይ ሲያፏጭ ብቻ ቀረ። በሕይወቴ ከሁሉ የተደሰትኩበት ሰዓት ይሆናል ብላ ነበር። ደስ አላት፤ ግን በደስታው መሐል፣ ይህ አባዬ አስቀድሞ የተደሰተበት ነው የሚል ነገር ገባባት። ስታርፍ ሁለት ጊዜ ነጠረች። በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ደግማ ወጣች።

ማታ አባቷ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘችው።

«ዛሬ ብቻዬን በረርኩ» አለች።

ዊልፍ ቀና አለ። «ማን አየ?»

በክፋት አልነበረም። የጓሮው በር ተዘግቷል ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀው። እናቷ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች።

«ሚስተር ፓስክ። ኔቪልም።»

«ጥሩ ነው» አለ፤ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሎርና አየር ላይ ሳለች ከአጥሩ ውጭ ነጩ የሥጋ ማመላለሻ መኪና ቆሞ አየች። አርፋ ስትሮጥ ሄዳ አባቷን የአጥሩን ሽቦ ተደግፎ አገኘችው። የእሁድ ኮቱን ለብሷል።

«ስታርፊ ነጠርሽ» አላት።

«ትንሽ።»

«እንደዚያም ሆኖ ያምራል።»

«አባዬ፣ አሁን ለሰው መንገር ትችላለህ እኮ። እውነት ነው።»

ዊልፍ ሣሩን ነጭቶ በጣቱ አሻሸ። «አይ» አለ። «አይቼዋለሁ። ለእኔ ይበቃኛል።» ሊያጽናናት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ከሰልፉ ቀን የባሰ አፈረች፤ ያን አፍ የዘጋችው እሷ መሆኗን አወቀች።

ቃሉንም ጠበቀ። ሎርና እስከ ሃያ ዓመቷ እዚያው ሜዳ ላይ በካዴትነት ቆየች፣ ከዚያ በአዋቂነት ዊንቹን ትነዳ ጀመር፤ በአዘቦት ቀን የከተማው መንገድ ጥገና ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ደንበኞች ስለ እሷ ሲጠይቁት ዊልፍ «ደህና ናት፣ ሥራ አላት» ብሎ ያልፍ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሥጋ ቤቱን ሸጠ፣ በሸጠም በሁለተኛው ዓመት ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይና በዳቦ የተጠቀለለ ሥጋ ቀረበ። ወይዘሮ ሌጎት፣ አርጅታ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው፣ ሎርናን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ ስለ አውሮፕላን ነገር... ኋላ በረርሽ እንዴ?»

«አዎ፣ በርሬያለሁ። ብዙ ጊዜ።»

«አይ፣ እሱ እኮ አልነገረንም» አለች አሮጊቷ፤ የሎርናን እጅ በቀስታ መታ መታ እያደረገች፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ። «ይሁን፣ ይሁን የኔ ቆንጆ።»

እንዳላመነቻት ሎርና ከእጇ አወቀች። ልታስረዳት ቀና አለች፤ ተወችው። ተነስታ ባዶ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደች።